ከእሬቱ ወዲያ ያለች መሬት

ስለ ባሌ እህት ያለኝን ሁሉ ለመጻፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ። የልቤ ሐሳብ ክፋቷን አንድ በአንድ ማስፈር ነበር። ብዕር ባነሣሁ ቁጥር ግን የእኔው ነገር እየቀደመ ያስቸግረኛል፤ እሱን ካላወጣሁ የእሷ አይወጣልኝም።

የሆነ ሆኖ ከእሷ ልጀምር። ባሌ በሞተ በሦስተኛው ቀን፣ ለቅሶ ቤቱ ሰው ሞልቶት ሳለ፣ “ልጅ አልወለደችለት፤ ምን ይዟት እዚህ ትቀመጣለች? ወደ መጣችበት ትሂድ” አለች። ሰው ሁሉ ሰማ። በኋላ ሽማግሌዎች ገብተው የባሌ ድርሻ ለእኔ ጸና። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ያህል ጎን ለጎን አረስን። በዕድሜ ትበልጠኛለችና እትዬ፣ አንቱ እያልኩ እጠራታለሁ። ወጉ ነው፤ ሌላ ነገር የለበትም።

መሬታችን አርዲቦ ሐይቅ ዳር ነው፤ አባታቸው ለሁለቱ ያካፈሉት። ወሰኑን የሚያሳይ የእሬት ተርታ በመካከላችን አለ። ታች ወደ ውሃው ሲቃረብ እሬቱ ያልቅና ወሰኑ ወደ እኔ በኩል ይታጠፋል። መታጠፊያው ላይ ሣር የዋጠው ድንጋይ አለ። ከድንጋዩ እስከ ውሃው ያለችው ቀጭን መሬት የእሷ ናት። አህያዋን ውሃ የምታወርደውም፣ ለሽንኩርቷ የምትቀዳውም በዚያች ብቻ ነው።

የወረዳው ባለሙያ ሊለካ የመጣ ዕለት ወንዶቹ ሁሉ ቀብር ወጥተው ነበር። እኔ ስምንተኛ ክፍል የደረስኩ በመሆኔ የመሬት ኮሚቴ አባል ነበርኩ፤ ከኮሚቴው የተገኘሁትም እኔ ብቻ። ባለሙያው የያዛት መሣሪያ ከስልክ ብዙም አትበልጥም። በላይዋ ከሰማይ የተነሣ የመንደራችን ፎቶ ይታያል፤ እኛ የቆምንበት ትንሽ ሰማያዊ ነጥብ ነው። ስንራመድ ነጥቡም ይራመዳል። መሣሪያዋ ወሰን እንደማታውቅ፣ የምታውቀው የተሄደበትን ብቻ እንደሆነ ነገረን። ስለዚህ ሁለቱ ባለወሰኖች አብረው እየሄዱ ይመሩታል፣ እሱ ይከተላል፤ ማዕዘን ላይ ሲደርስ ከሳተላይት የሚመጣው ቁጥር እስኪረጋ ቆሞ ነጥብ ይይዛል።

የባሌ እህት ጉልበቷ አብጦ ስለነበር ከላይ ጉብታው ላይ ተቀመጠች።

“አብሽሪ፣ አንቺ ምሪው” አለችኝ። “የአንቺ ዓይን ለእኔም ይበቃኛል።”

እሬቱ እስኪያልቅ በሐቅ መራሁት። ድንጋዩ ጋ ስደርስ አልታጠፍኩም፤ ቀጥ ብዬ ወደ ውሃው ወረድኩ። ሳላስበው ነው ብል ይቀለኝ ነበር። አስቤበታለሁ። ያ የለቅሶ ቤት ቃል ከላይ ጀምሮ አብሮኝ ሲሄድ ነበር። ውሃው ዳር ቆመን ቁጥሩ እስኪረጋ ስንጠብቅ ባለሙያው ወሰኑ እዚህ መሆኑን ጠየቀኝ። እዚሁ ነው አልኩት። ያዘው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ቅሬታ ያለው እንዲያቀርብ ካርታው ቀበሌ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። እሷ ማንበብ ስለማትችል “የእኔን አሳይኝ” አለችኝ። አሳየኋት፤ የታችኛውን ማዕዘን ግን በጣቴ ሸፍኜ ነበር። ልክ መሆኑን ጠየቀችኝ፤ ልክ ነው አልኩ። የቅሬታው ጊዜ አለፈ፤ የይዞታ ደብተሩ ወጣ፤ መሬቷ በስሜ ገባች።

ዐምና ዐረብ አገር ያለች ልጇ ሐጅ እንድታደርግ ወጪውን ቻለችላት። ሐጅ የሚሄድ ሰው ቤት ለቤት ዞሮ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ይላልና፣ ምርኩዟን ይዛ እኔም ደጅ መጣች።

“ያኔ ለቅሶ ላይ የተናገርኩሽን አውፍ በይኝ።”

ይህን ቃል ስንት ዘመን ጠብቄዋለሁ። ቶሎ እንድትሄድልኝ ብቻ አውፍ ብያለሁ አልኳት። አልሄደችም።

“አንቺስ፣ አውፍ በይኝ የምትይኝ የለሽም?”

ዓይኔን ወደ እሬቱ መለስኩ።

“ከጉብታው ላይ ሁሉም ይታያል፣ አንቺየ። ቀጥ ብለሽ ስትወርጂ አይቼሻለሁ። የዚያ ቃሌ ዋጋ ይሁን ብዬ ተውኩት።”

እንግዲህ ቀበሌ ግድግዳ ሥር ልክ ነው ወይ ስትለኝ እያወቀች ነበር። ጣቴን እያየች ነበር። ያን ጊዜ የተሰማኝ ጸጸት አይደለም፤ ንዴት ነው። ሃያ ዓመት የያዝኩባትን ቂም ሳላውቅ ከፍላ ጨርሳዋለች። አውፍ በይኝ ማለት ነበረብኝ፤ ቃሉ አልወጣልኝም። ከአፌ የወጣው ሌላ ነው፤ “የውሃው መንገድ ክፍት ነው፣ እትዬ። ይሂዱበት” አልኩ፣ እንደ ሰጪ። ራሷን ነቅንቃ ሄደች።

ሐጅዋን አድርጋ በሰላም ተመልሳለች። ወሰኑ እንዲስተካከል ወረዳ ማመልከት እንደሚቻል አውቃለሁ፤ ለመንደሩ ሰዎች ማመልከቻ የምጽፍላቸው እኔው ነኝ። ይህን ግን እስከ ዛሬ አልጻፍኩም። ሰው ደግሞ ለባሏ እህት፣ ያውም ለሰደበቻት፣ መንገድ ፈቀደች እያለ ይመርቀኛል፤ አሚን እላለሁ።

ትናንት አህያዋን እየነዳች ታች ድንጋዩ ጋ ደረሰችና ቆመች። እኔ ከእርሻዬ ቀና አልኩ።

“ልለፍ?” አለችኝ።

“ይለፉ” አልኳት።