ሁለት ጊዜ የተጻፈው ልጄ

ከአምቦ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው። ስደተኛ ሁሉ የወጣበትን ሌሊት ያወራል። እኔ ግን ሌሊት መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ምን እንደሚደርስበት ስለማውቅ ቅዳሜን መረጥኩ። ገበያተኛው ሲተራመስ አንድ ዘንቢል ሽንኩርት ይዤ፣ ልጄን ጫልቱን አስከትዬ፣ ባኮ የሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። ባሌ ቶላ ዘንቢሉን አቀበለኝና፣ ሰው ይሰማ ስለነበር፣ እንደ ማንኛውም የገበያ ቀን «በጊዜ ተመለሱ» አለን።

የይለፍ ወረቀቱን ከቀበሌ ያወጣሁት ከሁለት ቀን በፊት ነበር። ሊቀመንበሩ ብዕሩን እንደያዘ፣

«ባኮ ማን አለሽ?» አለኝ።

«የእህቴ ልጅ ወልዳለች፣ ልጠይቃት ነው።»

«ለስንት ቀን?»

«ለሦስት ቀን፣ ጓድ።»

«አራስ በሦስት ቀን ተጠይቃ ታልቃለች?»

«ከፈቀዱልኝ አምስት ያድርጉት።»

ሳቀና ሦስት ብሎ ጻፈ። ማኅተሙን ከመምታቱ በፊት ደግሞ ቀና ብሎ፣ «ያ ትልቁ ልጅሽስ የት ነው ያለው?» አለኝ። የወሰዱት እነሱ ናቸው። «አላውቅም፣ ጓድ» አልኩት። ማኅተሙን መታ።

ልጄ ሲወሰድ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። «ለትንሽ ጥያቄ ነው፣ ማታ ይመለሳል» ብለው ከቤት አወጡት። ሦስት ሳምንት ወደ እስር ቤቱ ምሳ ዕቃ ተሸክሜ ተመላለስኩ፤ ባዶው ሲመለስልኝ ልጄ በላ ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ጠባቂው ሳይከፍተው መለሰልኝና «ከዛሬ ጀምሮ አታምጪ» አለኝ። ይህ ቃል በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደነበር ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔ ግን ለምን ብዬ ጠየቅሁት። «ተዛውሯል» አለ፤ ወዴት እንደሆነ አልነገረኝም። አስከሬን አላየሁም፣ ልብሱን አልሰጡኝም፣ ማልቀስም ክልክል ነበር። ሁለት ዓመት እንዲሁ ተቀመጥን። በኋላ ጫልቱን ስለ ወንድሟ ጓደኞች ለመጠየቅ ቀበሌ መጥራት ሲጀምሩ ከቶላ ጋር ተማከርን። እኔ እሷን ይዤ ልወጣ፣ እሱ ሊቀር ተስማማን። «ልጁ ቢመጣ ቤቱን ዝግ ማግኘት የለበትም» አለኝ።

ከባኮ ነቀምቴ፣ ከነቀምቴ ጊምቢ፣ ከዚያ ወዲያ ሱዳን ድንበር ላይ እስካለው ኩርሙክ ድረስ እንዴት እንደዘለቅን አልጽፍም። የረዱን ሰዎች እዚያው ናቸው። ከኋላዬ ለሚመጣ ይህን ብቻ ልበል፦ የውሃ ጀሪካን ሁለት ያዙ፣ አንዱ ይቀደዳል። የልጅ ጫማ አንድ ቁጥር አስበልጣችሁ ግዙ፣ እግር ያብጣል።

ካርቱም የደረስን ቀን ጫልቱ ከቧንቧ ውሃ ቀድታ ጠጣችና «እማዬ፣ ማን አሞቀው?» አለችኝ። የአምቦ ሰው ውሃ ይንቃል፤ የሚፈላውም የሚቀዘቅዘውም ከደጃችን ይወጣልና ብርቃችን አይደለም። እዚህ ግን ቀዝቃዛ ውሃ እንደ ዘመድ ይናፈቃል። ኪስራ የሚሉት የማሽላ ምግባቸው እንደ ወረቀት የሳሳ ነው፤ ወጡን ሳያነሳልህ እጅህ ላይ ይቀደዳል። ሐቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ሲነሳ ደግሞ ቀኑ ይጨልማል፣ ጥርስህ መሐል አሸዋ ይንኮሻኮሻል። ያኔ ከአምቦ በላይ ያለውን የደንዲ ተራራ ብርድ አስባለሁ። ያን ያማረርኩትን ብርድ።

ስደተኛ በሚመዘገብበት ቢሮ ሹሙ በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

«ስንት ልጅ አለሽ?»

«ሁለት።»

«አብሮሽ ያለው?»

«አንድ።»

«ሌላው ሞቷል?»

«አላውቅም።»

ፎርሙን አዙሮ አሳየኝ። «ሁለት ሳጥን ነው ያለው። በሕይወት ያለ፣ የሞተ። አላውቅም የሚባል ሳጥን የለም።»

«እንግዲያው መሐላቸው ላይ ይጻፉት።»

አስተርጓሚው ሳይተረጉም ሳቀ። ሹሙ ምን እንዳልኩ ሲነገረው ግን አልሳቀም። «መሐሉ መስመር ነው፣ እናቴ» አለኝና ባዶውን ተወው።

አከራያችን ሐጅ ዑስማን የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። በዚህ አገር ሴትን «ኡም»፣ የእገሌ እናት፣ እያሉ በበኩር ልጇ ስም ይጠራሉ። ቁልፉን ከመስጠታቸው በፊት «የበኩርሽ ስም ማነው?» አሉኝ።

«ገመቹ።»

«ኡም ገመሹ።»

«ቹ ነው፣ ሐጂ።»

«ቹ በዐረብኛ የለም። ከፈለግሽ አገርሽ ገብተሽ ጥሪው።»

ክፋት አስበው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በር ላይ፣ ገበያ ላይ፣ ውሃ ወረፋ ላይ ኡም ገመሹ ሲሉኝ እዞራለሁ። ቀኑን ሙሉ የምጠራው በልጄ ስም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከአምቦና ከአካባቢው የመጣን ሰዎች ዓርብ ከሰዓት በኋላ ኦቦ ለሜሳ ቤት እንሰበሰባለን። ኦቦ ለሜሳ ጊንጪ አስተማሪ ነበሩ። በየከተማችን የተገደሉትን ሰዎች ስም ከየስደተኛው እየጠየቁ በደብተር ይጽፋሉ። አንድ በየስደተኛ ጽሕፈት ቤቱ እየዞረ ሪፖርት የሚያዘጋጅ የውጭ አገር ሰው የሟቾችን ቁጥር ስጡኝ ብሏቸዋል። መንግሥት የሞቱት ጥቂት ፀረ ሕዝቦች ናቸው ስለሚል ቁጥሩ እንደ ትልቅ ነገር ይጠበቅ ነበር። ጭቅጭቁም የሚነሳው ከዚሁ ነው። አቶ ተሾመ የሚባሉ፣ አምቦ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የነበሩ ሰው፣ ከኦቦ ለሜሳ ጋር አንድም ዓርብ ተስማምተው አያውቁም።

«ስም ያለው ብቻ ይቆጠር» ይላሉ ኦቦ ለሜሳ።

«እርስዎ ስሙን የሚያውቁት አንድ ሰው ካለ የማያውቋቸው ሁለት አሉ። የገጠሩን ማን መዘገበው? በሦስት ያባዙት።»

«ለምን በአራት አይሆንም?»

«በአራትም ያስኬዳል።»

«ይኸው፣ እንደ ጉሊት ድንች መደብ ሊያደርጉት ነው።»

አንድ ቀን እኔም ገባሁበት። «አቶ ተሾመ፣ የአንዲቷን ልጅ በሦስት ሲያባዙት ሁለቱን ማን ወለዳቸው?» አልኳቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን ዝቅ ባለ ድምፅ «እሜቴ፣ የእነዚያ እናቶች እዚህ መድረስ ያልቻሉት ናቸው» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ በመጣው ዓርብ ኦቦ ለሜሳ ስሞቹን በፊደል ተራ አስተካክለው ጮክ ብለው አነበቡልን። ደ ላይ ሲደርሱ «ደስታ ቶላ፣ የአምቦ ተማሪ፣ በጥቅምት ከእስር ቤት ወጥቶ የተገደለ» አሉ። እጄን አነሳሁ፤ እሳቸው ግን ደብተሩን እያዩ ማንበባቸውን ቀጠሉ። ገ ላይ ሲደርሱ «ገመቹ ቶላ፣ አምቦ፣ በጥር ጉደር መውጫ ላይ ሬሳው የታየ» አሉ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ከንፈሯን መጠጠችና «ሁለት ወንድማማቾች። ምን ይዋጣት እናታቸው» አለች።

እናታቸው እኔ ነኝ፤ ወንድማማቾቹም አንድ ሰው ናቸው። ቤት ስሙ ገመቹ ነው። አንደኛ ክፍል ሊመዘገብ ስወስደው መምህሩ «ገመቹ ምን ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ደስታ ማለት ነው» አልኩት። ደስታ ብሎ ጻፈው፣ እኔም አልተከራከርኩም። ሰፈር ያደገው በአንዱ ስም፣ ትምህርት ቤት በሌላው።

«ኦቦ ለሜሳ» አልኩ በመጨረሻ፣ «ይህ ልጅ አንድ ነው። የእኔ ነው።»

ኦቦ ለሜሳ መነጽራቸውን አወለቁ። «አዴ ብርቄ፣ የእርስዎ ልጅ መሆኑን ባውቅ እንዲህ አላነበውም ነበር። አንዱን እሰርዛለሁ። ትክክለኛው የትኛው ነው?»

«ጉደር መውጫ ላይ አየሁ ያለው ሰውዬ ምን ለብሶ ነበር አለ?»

ደብተሩን ገለጡ። «ቡናማ ኮት።»

«ልጄ ኮት ኖሮት አያውቅም። የእስር ቤቱንስ የነገረዎት ሰው አይቷል?»

«አላየም፣ ሰምቷል። ደስታ ተብሎ ሲጠራ ሰማ፣ የተጠራውም አልተመለሰም።»

«አምቦ ውስጥ ስንት ደስታ አለ?»

አቶ ተሾመ ግንባራቸውን ያዙ። «ቁጥራችን መቀነስ ጀመረ» አሉ።

እኔ አራተኛ ክፍል ድረስ ነው የተማርኩት። ይህን ግን ለማሰብ ብዙ ትምህርት አያስፈልግም። በጥቅምት ከሞተ በጥር አልሞተም። በጥር ከሞተ በጥቅምት በሕይወት ነበር። ከሁለቱ ምስክሮች አንዱ ተሳስቷል። አንዱ ከተሳሳተ ሌላው የማይሳሳትበት ምክንያት ምንድነው? «ሁለቱንም ይሰርዙልኝ» አልኳቸው። ሰረዙ። ያን ቀን ከዚያ ቤት የወጣሁት ልጄን ከእስር ቤት እንዳስፈታሁ ሆኜ ነው።

ወሬው ተሰማ። በሚቀጥለው ዓርብ ሦስት እናቶች መጡ። አንዷ ምስክሩ ማን እንደሆነ ይነገረኝ አለች፣ አንዷ የልጄ አባት ስም ተሳስቷል አለች፣ ሦስተኛዋ ምንም ምክንያት አልነበራትም፤ ዝም ብለው ይሰርዙልኝ አለች። ኦቦ ለሜሳ ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ ጣሉ። «ደብተሬን ባዶ አድርጋችሁ ልትሄዱ ነው» አሉ።

ወይዘሮ ዘይነባ የተነሳችው ያኔ ነው። ባሏ ጊንጪ ሱቅ ነበረው፤ የስልጤ አገር ሰዎች ናቸው። ስትናገር እኔን እያየች ነበር።

«የእኔን ልጅ ነስሩን ማንም እንዳይነካው። እኛ ነን ከፍነን የቀበርነው፣ ጥይቱ የት እንደገባ አውቃለሁ። ብርቄ፣ አንቺ ልጅሽን ስታወጪ የእኔን ብቻውን ትተሽው ወጣሽ።»

«ዘይነባ፣ እኔ እኮ አላየሁም።»

«አላየሽም፣ እውነትሽን ነው። ግን ገጹ በሳሳ ቁጥር የእኔም ውሸት ይመስላል።»

ብዙ ሰዓት ከተጨቃጨቅን በኋላ ኦቦ ለሜሳ አዲስ ገጽ ገለጡና በላዩ ላይ «የት እንዳሉ ያልታወቁ» ብለው ጻፉ። «የተወሰዱበት ቀን ይታወቃል፣ የወሰዳቸውም ይታወቃል። ይህም ይቆጠራል» አሉ። አቶ ተሾመ ይህኛውንስ በስንት እናባዛው ሊሉ ፈልገው፣ ዘይነባን አይተው ተዉት። ልጄ እዚያ ገጽ ላይ በሁለቱም ስሙ፣ በአንድ መስመር ተጻፈ።

የውጭ አገሩ ሰው መጥቶ ደብተሩን አየ። የመጀመሪያውን ገጽ ወደ ራሱ ወረቀት ገለበጠ። ሁለተኛውን ጠየቀ፣ ተነገረው፣ በትሕትና ራሱን ነቀነቀና መልሶ ዘጋው። የጠየቀው የሞቱትን ነበር። ኦቦ ለሜሳ ይህን ሲነግሩኝ ይቅርታ የጠየቁ ያህል ነበር። ልጄ እንዲቆጠርልኝ መሞት አለበት፤ ካልሞተ ደግሞ ምንም እንዳልደረሰበት ሊቆጠር ነው። ወደ ቤት ስሄድ ሐጅ ዑስማን በር ላይ ቆመው «ኡም ገመሹ፣ አሞሻል?» አሉኝ። ሙቀቱ ነው አልኳቸው።

ለቶላ በሰው መልእክት ልኬ የስልክ ቀጠሮ ያዝን። አምቦ ቴሌ ድረስ ሄዶ፣ እኔም እዚህ ስልክ ቤት ግማሽ ቀን ወረፋ ጠብቄ፣ ድምፁ ሲመጣ በጣም የራቀ ነበር። ሰው ሊሰማን ስለሚችል ስም አንጠራም።

«ያ ልጅ» አልኩት፣ «እዚህ ሞተ ብለው ጽፈውት ነበር። አስወጣሁት።»

ቶላ «እኔም ቄሱ ጋ ሄጄ ነበር» አለኝ። «የክርስትና ስሙን ሰጠኋቸው።»

«ምን አሉህ?»

«በጸሎት ላስበው ወይስ ፍትሐት ላድርስለት ብለው ጠየቁኝ።»

አልሰማሁም ብዬ አስደገምኩት። ሰምቼ ነበር።

«አንተስ ምን አልካቸው?»

«እናቱን ልጠይቅ አልኳቸው።»

ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ሠራተኛ አንድ ጣቱን አነሳ፤ አንድ ደቂቃ ቀረሽ ማለቱ ነው። ስለ ጫልቱ ትምህርት ነገርኩት። ስለ ሙቀቱም ነገርኩት። ቶላ «እሺ፣ እሺ» እያለ ይጠብቀኝ ነበር። ደቂቃዋ አለቀች።

ይህን ስጽፍ ከስልኩ ወዲህ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤ ለቶላ መልስ አልላክሁም። ቄሱ እስካሁን አልተነገራቸውም።