ሐጂ ጢማቸውን ሲለቅሙ

ንጋት፣ አዲስ አበባ

ሾፌሩ ሙክታር ጋቢና ያስቀመጠኝ እንዳልተኛ አስምሎኝ ነው። እንቅልፋም ጎኑ ከተቀመጠ እሱም ያዛጋዋል አሉ። መድረሻዬ አጋሮ ነው፤ ሰዓሊዋ ጓደኛዬ ሀያት የመጀመሪያ ኤግዚቢሽኗን ዛሬ ትከፍታለች። ሰሞኑን በስልክ የምታወራው ግን ስለ ሥዕሉ ሳይሆን አባቷ ይመጡ እንደሆነ ብቻ ነው። ሐጂ ነስሩ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና የነገዱ ሰው ናቸው። ልጃቸው አካውንቲንግ ተምራ ብሩሽ ላይ በመዋሏ ጤናዋን ሳይጠራጠሩ አልቀሩም። ቡና ለገበያ እንጂ ለመጫወቻ አልተፈጠረም ብለው እቅጩን ነግረዋታል።

ረፋድ፣ አሰንዳቦ

ከፊታችን የሚሄደው አይሱዙ ሶፋ ጭኗል። ሶፋው ላይ አንድ ሰውዬ ፊቱን በኮፍያ ሸፍኖ፣ እግሩን አነባብሮ ተኝቷል። ሙክታር "ቪአይፒ ማለት እሱ ነው" አለ። ቅናት አንገበገበኝ፤ እኔ ምያለሁ።

ቀትር፣ ጅማ

ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር አንድ ፀጉር ቤት ግድግዳው ላይ ጎረምሳ አስሏል። ፀጉሩ ያስቀናል፤ ጆሮው ግን አንድ ብቻ ነው። ፊት ለፊት እያየን ሌላው የት ገባ? ፀጉር ቆራጩን ብጠይቀው "ወላሂ እኔ አልቆረጥኩትም" አለኝ። በነፃ የታየ ኤግዚቢሽን ብዬ መዘገብኩት።

ከአስር ሶላት በኋላ፣ አጋሮ

ባዶ የቡና መጋዘን። መሃሉ ላይ የቡና ማድረቂያ አልጋ ቆሟል፣ በላዩ ሀያት የአባቷን ፊት በቡና ፍሬ ሠርታለች። ጉንጩ ቀይ እሸት፣ ቆቡ ነጣ ያለ የታጠበ ቡና፣ ጢሙና ቅንድቡ ደግሞ ከለቀማ የተጣለ የተበላሸ ጥቁር ፍሬ። ቁርጥ እሳቸውን! ከአዲስ አበባ የመጡት ሰዓሊዎች አገጫቸውን ይዘው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሀያት ዓይኗ በሩ ላይ ነው።

መጡ። ከዘራቸውን ተደግፈው አልጋው ላይ ጎንበስ አሉ።

"ማል ከና? ምንድነው ይሄ?"

"እርስዎ ነዎት፣ አባ።"

ሐጂ እጃቸውን ዘረጉ። ከጢማቸው አንድ ጥቁር ፍሬ ለቀሙና ጣሉ። ደገሙ። የተበላሸ ፍሬ እያዩ ማለፍ የት ያውቁና! ዘበኛው በእጅ መንካት ክልክል ነው ሊል ሲንደረደር ሀያት እጅጌውን ያዘችው። ወንበርም ራሷ አመጣችላቸው። እንግዶቹ ስልካቸውን አውጥተው መቅረፅ ጀመሩ። እኔ ሳቄን በፎጣዬ አፈንኩት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በአልጋው ላይ ያሉት ሐጂ ጢማቸውን ሙልጭ አድርገው ተላጭተው ከዕድሜያቸው አሥር ዓመት ቀንሰው ነበር።

ወንበሩ ላይ ያሉት ሐጂ ወገባቸውን ቀና አደረጉ፤ ፊታቸውን አዩት፣ ልጃቸውንም አዩ።

"እስከ መቼ ይቆያል?"

"እስከ እሁድ።"

"እንግዲያው ነገ መነጽሬን ይዤ እመጣለሁ። ቅንድቡ ይቀራል።"

ሲወጡ ሀያት እንባዋን እየጠረገች ትስቅ ነበር። መጋዘኑ ሲዘጋ ለዘበኛው የነገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወንበሩን ከቦታው እንዳያነሳው።