ዳገት ላይ የሚቀር ድንጋይ

ድንቅቱ ለምታሠራው ቤት አሥራ አምስት ኩንታል ሲሚንቶ ያስጫነቻት ሚኒ ትራክ የሱሉልታን ዳገት እያቃሰተች ትወጣለች። ጋቢና ስትገባ ሽማግሌው ሾፌር ከወንበሩ ላይ የተሰነጠቀ የሞተር ሄልሜት አንስተው «እንዳይወድቅብሽ፣ አደራ» ብለው ጭኗ ላይ አስቀመጡላት።

የመኪናዋ ሞተር በጋለ ቁጥር ይቆማሉ። የእጅ ፍሬኑ ስለማይዝ ወርደው ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ ይሸጉጣሉ። ሌላ ሾፌር ቢሆን ድንጋዩን አስፋልቱ ላይ ትቶት ይሄዳል። እሳቸው ግን ሜዳ እስኪያገኙ ይነዱና፣ የሲሚንቶ ብናኝ ያነጣውን ካፖርታቸውን ሰብስበው፣ እያነከሱ ተመልሰው ያነሱታል። ሌሎች ጥለውት የሄዱትንም ሳይቀር ከመንገድ ያወጣሉ።

ድንጋይ ሊያነሱ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያቆሙ ሰማዩ ጠቁሯል። ጭነቱን የሚሸፍን ሸራ የለም።

«አባባ፣ ሲሚንቶዬ ሊበሰብስብኝ እኮ ነው! ለአንድ ድንጋይ ብለው? በማርያም ይተዉት!»

በሩን ከፍተው፣ አንድ እግራቸውን መሬት ላይ እንዳደረጉ ወደ እሷ ዞሩ።

«አንድ ቀን ትቼዋለሁ» አሉ። «ልጄ በሞተር ከኋላዬ እየመጣ ነበር።»

ወደ ድንጋዩ ቁልቁል ወረዱ። ዝናቡም ጣለ። ድንቅቱ ሄልሜቱን በሁለት እጇ ያዘችው።