በጉድጓድ አፍ የሚተከል ቅርንጫፍ

ልጅ ሳለሁ፣ በትክክል ልናገር፣ ፊደል ቆጥሬ እንደጨረስኩ፣ ኮልፌ በነበረው ቤታችን አባታችን በወጣትነቱ ወርቅ ያጥብበት ስለነበረው የደቡብ ጫካ ማታ ማታ ይተርክልን ነበር። ያኔ መብራት አልገባልንም፤ የኩራዙ ጭስ ጣራውን እያጠቆረ፣ የባሕር ዛፉ ፍም በምድጃው እየፈዘዘ ሲሄድ፣ በቤቱ ውስጥ የአባታችን ድምፅ ብቻ ይቀር ነበር። ታናሽ ወንድሜ ታደለ ግን ወርቁ ሳይገኝ እንቅልፍ ይጥለዋል። ጠዋት «ከዚያስ?» እያለ ሲከተለኝ፣ «ለተኛ ሰው አይነገርም» እያልኩ አስለቅሰው ነበር።

ስለዚህ የቅርንጫፉን ታሪክ አልሰማም። ወርቅ ቆፋሪ ጉድጓዱን ትቶ ሲሄድ፣ ቅጠል ቢሸፍነው እንኳ ኋላ የሚመጣው ሰው አይቶ እንዲዞር፣ ደረቅ ቅርንጫፍ አፉ ላይ ይተክላል። አንዱ ያንን ለማገዶ ነቅሎ ወሰደ፤ በማግስቱ የገዛ ወንድሙን ከጉድጓዱ አወጣ።

ታደለ አውስትራሊያ ገብቶ አውቶቡስ ሲነዳ ኖረና፣ ጡረታ ሲወጣ ድሮ ወርቅ ይቆፈርበት የነበረ ጫካ ገዛ። ዛፉ እንደ ኮልፌ ባሕር ዛፍ ይሸታል ብሎኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ። የልጅ ልጆቹ ለእረፍት ስለሚመጡ ግቢውን፣ ግቢ እንኳ አይባልም፣ ጫካውን ሲያጸዳ፣ እዚህም እዚያም ተተክለው ያገኛቸውን ደረቅ እንጨቶች ነቅሎ አቃጠላቸው። በማግስቱ ቅጠል ላይ ሲራመድ እግሩ እስከ ጭኑ ሰመጠ። የእንጨቶቹን ነገር ጎረቤቱ የነገረው ከዚያ በኋላ ነው።

«ጋሼ፣ አባባ ስለ ጉድጓድ የሚያወራው ነገር ነበር አይደል? መጨረሻው ምንድን ነው?»

ነገርኩት።

«የቱ ጋ እንደነበሩ አላስታውስም። ልጆቹ ደግሞ ቅዳሜ ይመጣሉ።»

«እንዳይመጡ በላቸው» አልኩት።

«እሺ ጋሼ» አለ። እዚያ ሲሯሯጡ ለማየት ብሎ መሬቱን እንደገዛ አውቃለሁ፤ እሱ ግን ይህን አላነሳም።

ከዚያ ወዲህ ዓለም ባንክ ሰፈር ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ ስቀመጥ ድካም ይሰማኛል። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልጆችን አስተምሬአለሁ፤ ሁለት ደቂቃ የማይፈጀውን ነገር ግን ለወንድሜ ነፈግኩት። የልጅ ኩራት ነበር ብዬ ራሴን ላጽናና እሞክራለሁ። አይደለም፣ ላርመው፤ ስስት ነበር።