የሴራሚክ አንጣፊው ባለሁለት መኝታ

ሴራሚክ አንጣፊው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በጉልበቱ ተንበርክኮ የሰው ወለል ሲያሳምር ኖሯል። የራሱ ቤት ግን አንዲት የኪራይ ክፍል ናት፤ እዚያችው ውስጥ ከሚስቱ፣ ከሴት ልጁና ከአማቱ ጋር ተጣበው ኖሩ።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ሕንፃ የሚሠራ ሁሉ ከአሥር ቤት አንዱን ገቢው ዝቅ ላለ ሰው በቅናሽ እንዲሰጥ ደንብ ወጣ። ጎትታ ወስዳ ያስመዘገበችው ሚስቱ ናት። ብዙም ሳይቆይ የቤት ገበያው ወደቀ። ገዢ ጠፋ፣ ክሬኑ ቆመ፣ የደረሳቸው ሕንፃም አጥንቱ እንዳገጠጠ አራት ዓመት ዝናብ ጠጣ። ባለሕንፃው “ከስሬአለሁ፣ ደንቡ ይነሳልኝ” እያለ ሲሟገት ደግሞ ሌላ ሁለት ዓመት ሄደ። በስተመጨረሻ ተሟግቶ ተሸነፈ፣ ሕንፃውም አለቀ። ተመዝጋቢዎቹ ሲጠሩ ሚስቱ ከሞተች ሰባት ወር ሆኗት ነበር።

ከሦስት ሰዓት ሰልፍ በኋላ የቤቶች ጽሕፈት ቤቱ መስኮት ጋ ደረሰ። ጸሐፊዋ ቀና እንኳ አላለችም።

“ቤተሰብ ስንት ናችሁ፣ ጋሼ?”

“አራት።”

ማህተሟን ጧ አደረገችው። “ባለሁለት መኝታ ይደርሳችኋል። ሦስት ብትሆኑ አንድ ክፍል ነበር፤ ዕድለኛ ነዎት። ይቺን ፎርም ባለቤትዎን ያስፈርሙና ነገ ይመልሱ።”

ደረጃውን ከወረደ በኋላ ነው ሚስቱን ጨምሮ መቁጠሩ የታወቀው። ሊዋሽ አልነበረም። ዳቦ እንኳ እስከ ዛሬ የሚገዛው ለአራት ሰው ነው፤ ምላሱም እንደለመደው አለ። ቀና ብሎ ሰልፉን አየው። ተመልሶ ለመቆም አቅም አጣ።

ቤት ሲደርስ አማቱ ብቻቸውን ነበሩ። የሆነውን ሲሰሙ እጃቸውን አጨበጨቡ።

“ታዲያ ምን ቸገረህ? ዘጠኝ ዓመት ያንገላቱን እነሱ! ከልጅህ ጋር በአንድ አልጋ ስንገፋፋ ጎኔ አለቀ። እሷ በእንቅልፏ እንደ በቅሎ ነው የምትራገጠው። አንድ ቀን እንኳ በሬን ዘግቼ ልተኛ እንጂ!”

“የሟች ፊርማ ከየት ላምጣ፣ እማማ?”

“ፊርማዋን አታውቀውም? ፈርምላት!”

ከሻንጣው የኪራይ ውሉን አወጣ። የሚስቱ ፊርማ ከታች አለ፤ ጭራው ሽቅብ ይሮጣል። በአሮጌ ጋዜጣ ጠርዝ ላይ ሦስት ጊዜ ሞከረው። መስመር መጠበቅ የለመደ እጅ ነውና በአራተኛው ቁርጥ የእሷን መሰለ።

“ይሄስ ይሆናል?”

አማቱ መነጽራቸውን አደረጉ። ጋዜጣውን ወደ ብርሃኑ አዞሩት፣ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

“እሷው ናት” አሉ ቀስ ብለው። “ችኩል። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት፣ የጀመረችውን ሳትጨርስ ትነሳለች።”

አማቱ ፎርሙን ከፊቱ ሳብ አድርገው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

“ተወው፣ ልጄ። ነገ ሂድና ሦስት ነን በላቸው።”

“አንድ ክፍል ነው እኮ የሚሰጡን፣ እማማ። እንደዚሁ ነው የምንተኛው።”

“ሰማሁ እኮ! ጆሮዬ ደህና ነው።”

በማግስቱ የሚስቱን ሞት ሲነግራት ጸሐፊዋ አራቱን ሰርዛ ሦስት ጻፈች፤ ያኔ ገና ቀና ብላ አየችው።

“መቼ ነው ያረፉት?”

“ሰባት ወር ሆናት።”

“ነፍሳቸውን ይማር።” ድምጿን ዝቅ አደረገች። “ዝም ቢሉ እኮ ማንም አያውቅም ነበር።”

“አዎ።”

“አንዱን ክፍል ይቀበላሉ?”

“እቀበላለሁ።”

ቁልፉን የያዘ ቀን አማቱን ይዟቸው ሄደ። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ስድስት ጊዜ አረፉ። ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ ነበር። አማቱ በሩ ላይ ቆመው ክፍሉን ከዳር እዳር ቃኙት።

“አልጋዬ በየት በኩል ነው?”

“በመስኮቱ። መሀሉን በመጋረጃ እከፍለዋለሁ።”

“ወፍራም ጨርቅ ይሁን” አሉና ግድግዳውን ተደግፈው ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አሉ።