ጭሱ የማን ነው

ሮም ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የኖረችው ኣስገደት የእኔ የምትለው በር ኖሯት አያውቅም። መጀመሪያ ከሦስት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተዳበለች፤ ቀጥሎ ስደተኛ የታጨቀበት ሰላም ፓላስ የሚባል ሕንፃ ገባች፤ ከዚያም ሲኞራ ማርያ የሚባሉ አሮጊት ዘንድ አዳሪ ባዳንቴ ሆና፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እሳቸውን ስታጥብ፣ ስታጎርስና ስታስተኛ ኖረች። የምትተኛው ከወጥ ቤቱ ጎን፣ ድሮ ልብስ ይተኮስባት በነበረች ጠባብ ክፍል ነው። ይህን ሁሉ ችላ የኖረችው ሞኝ ሆና አይደለም። አገር ቤት፣ ቤት ነበራታ።

ቤቱ ያለው ኤርትራና ኢትዮጵያ በሚዋሰኑበት ጠርዝ ላይ፣ ማይ ጸሎት በምትባል መንደር ነው። መንደር ካሏት ነው እንግዲህ፤ አርባ የማይሞላ የድንጋይ ቤት፣ አንድ ቤተ ክርስቲያንና አንድ የውሃ ጉድጓድ፣ ከዚያ ወዲያ ገደልና ወታደር። ሐሙስ ከሰዓት፣ ባዳንቴዎች ሁሉ እረፍት በሚወጡበት ሰዓት፣ ጓደኞቿ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ተሰብስበው ይቀልዱባታል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሏታል። እሷ ግን አትቆጣም። ኪራይ ከፋይ ሁሉ ባለቤትን ቢያማ ምን ይገርማል ብላ ትተዋቸዋለች።

በማይ ጸሎት መሬቱ የመንደሩ ነው። ቤት ለመባል ደግሞ ጭስ መውጣት አለበት። ምድጃው ከጠፋ አምስት ዓመት ያለፈው ቤት፣ ግድግዳው ቀጥ ብሎ ቢቆምም፣ ቦታው ለመንደሩ ይመለስና ተራ ለሚጠብቅ ይሰጣል። ይህን ሕግ ማንም አልጻፈውም፤ የማያውቀው ግን የለም። ባለቤት ማን እንደሆነ ሽማግሌዎቹ የሚጠይቁት ወረቀት ሳይሆን ጎረቤትን ነው፤ ጎረቤትም የሚመሰክረው ማን ሲያነድ እንዳየ ነው።

የኣስገደት አባትና እናት ከሞቱ በኋላ ቤቱ ባዶውን ከረመ። የድሮው ጦርነት መንደሩን ስለበተነው ግን ለዓመታት ቆጣሪም ጠያቂም አልነበረም። ኋላ፣ በፈረንጆቹ 2018፣ ድንበሩ ተከፈተና የሰዉ ሁሉ ልብ አብሮ ተከፈተ። ኦስቲያ ባሕር ዳር ለመዝናናት ለሚመጣው ሰው ጃንጥላ እየተከለ የሚኖረው ያገሯ ልጅ ፍሰሃጽዮን፣ መንደሩን አይቶ ተመለሰና ሲኞራ ማርያ ቤት ድረስ ሊነግራት መጣ።

«አሎራ፣ ኣስገደት፣ ስሚኝ» አላት ገና ሳይቀመጥ። «መኪናው ሁሉ በአባትሽ ደጅ ነው የሚያልፈው። ሹፌር መብል ይፈልጋል፣ አልጋ ይፈልጋል። ያንን የፊት ለፊቱን ግድግዳ ብትከፍቺው ሱቅ ነው። ግን የመንደሩ ኮሚቴ ጭስ የሌላቸውን ቤቶች መቁጠር ጀምሯል።»

«እና ሲኞራን ለማን ጥዬ ልሂድ? የመኖሪያ ፔርሜሶዬም ገና ከፖሊሱ ክዌስቱራ አልወጣም።»

«ማን ሂጂ አለሽ? የሚያነድልሽ ሰው አስገቢበት።»

ኣስገደት ሌሊቱን ሙሉ ባታስብበት ኖሮ ጥሩ ነበር፤ አስባ አስባ ግን የብልሆች ሁሉ ብልህ የሆነች መሰላት። ቤቷ በመድፍ ፈርሶባት ልጆቿን ይዛ ድንኳን ውስጥ የምትኖር ሰመረት የምትባል መበለት ነበረች። ኣስገደት እሷን አስገባች። ጽድቁም አለ፣ ጥቅሙም አለ። ውሉ ቀላል ነው፤ ሰመረት ኪራይ አትከፍልም፣ ኣስገደትም ደመወዝ አትከፍልም፤ ብቻ ጧትና ማታ ጭስ ይውጣ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ፣ ከቅዱስ እስጢፋኖስ ቅዳሴ እንደወጣች ትደውላለች።

«ጭስ ወጣ?»

«ወጥቷል፣ እትዬ።»

«ጎረቤት አይቷል?»

«አይቷል፣ እትዬ።»

ዓመት ሳይሞላ ድንበሩ ተመልሶ ተዘጋ። መኪናዎቹ ጠፉ፤ ሱቅ የሚሆነው ግድግዳም ሳይከፈት ቀረ። አስተዋይ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይነቃል። ኣስገደት ግን ዛሬ የተዘጋ ነገ ይከፈታል እያለች ለጣሪያው ቆርቆሮ፣ ለመስኮቱ ብረት በሰው እጅ ታስገዛ ነበር። ቀጥሎ ጦርነት መጣ፤ ስልክ ለብዙ ወራት ተቋረጠ፤ ሰዉ ወደ ገደሉ ሸሸ ተባለ። በኋላም ስልኩ ተከፈተ፣ ሰመረትም ቤቱ ውስጥ ተገኘች፤ የእሑዱ ጥያቄም እንደ ድሮው ቀጠለ።

ዘንድሮ፣ ፋሲካ ሲያልፍ፣ ሲኞራ ማርያ ሞቱ። ወንድማቸው የወለደው ሰውዬ ከሚላኖ መጥቶ ቀበራቸው። ክፉ ሰው አልነበረም። እጇን ይዞ አመሰገናት፤ ቀጥሎም ቤቱ እንደሚሸጥና እስከ ወሩ መጨረሻ ብትለቅ ደስ እንደሚለው ነገራት። አሥራ አራት ዓመት ምድጃ ያነደደችበት ቤት ነው። «ቫ ቤኔ፣ እሺ» አለችው። ቤት እንዳለው ሰው ኮራ ብላ ነበር ያለችው። የዚያኑ ዕለት ልመጣ ነው ብላ ለኮሚቴው ሰብሳቢ ለአቦይ ተኽለብርሃን ደወለችላቸው።

«እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «ማን ዘንድ ልታርፊ ነው?»

«ቤቴ ነዋ፣ አቦይ። ምን ማለትዎ ነው?»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተናገሩ። «የቤቶቹ ምዝገባ አልቋል እኮ። ጎረቤቱ ሁሉ የመሰከረው ለሰመረት ነው። ሰባት ዓመት አነደደች፤ በጦርነቱ እንኳ ተመልሳ ያነደደች እሷ ናት። ሕጉን አንቺም ታውቂዋለሽ።»

«እኔ አይደለሁ እንዴ አንድጂ ያልኳት!»

«እሱን ማን ሰምቶሽ? እኛ ያየነው ጭስ ነው። ቅር ካለሽ ቅዳሜ ሸንጎ አለ፤ ወኪል ላኪ። ቀጥሬ ነው ያስገባኋት ካልሽና እሷም ካልካደች ነገሩ ይታያል።»

ፍሰሃጽዮን ይህን ሲሰማ እየሮጠ መጣ። የሲኞራ ዕቃ በካርቶን ታስሮ ባለቀበት ሳሎን፣ ካርቶን ላይ ተቀምጦ መላ ሰጣት። «ሠራተኛዬ ናት በይ፣ ጨረስሽ። የሠራተኛ ጭስ የጌታው ነው፤ ይሄ የታወቀ ነው። ወንድሜ እዚያ አለ፣ እሱ ይወክልሻል። አሁኑኑ ደውይላትና ሠራተኛዎ ነበርኩ አሰኚያት።»

የሠራተኛ ጭስ የጌታው ነው። ይህን የሚናገረው ለማን እንደሆነ ፍሰሃጽዮን አላሰበውም። እሷ ግን ሰምታዋለች። ቢሆንም ደወለች፤ ስድሳ ሦስት ዓመት የሞላው ሰው ምን ምርጫ አለው?

ሰመረት አልጮኸችም፣ አልካደችምም።

«አስገብተውኛል፣ እትዬ። ውለታዎን አልረሳም። ሸንጎ ቢጠይቀኝ እሷ ናት ያስገባችኝ እላለሁ። ሠራተኛዋ ነበርኩ ግን አልልም። ሠራተኛን እንኳ ሰው እንዴት አደርሽ ይላታል።»

«እኔ ስንት እሑድ ደወልኩልሽ?»

«ደውለዋል። ስለ ጭሱ ነበር» አለች ሰመረት። «ዋሻ ውስጥ ሳለን ትንሹ ልጄ በትኩሳት ሞተብኝ። ስልኩ በተከፈተ ቀን መጀመሪያ የደወሉልኝ እርስዎ ነዎት። ሰው አሰበኝ ብዬ አለቀስኩ። ቆርቆሮው ተረፈ ወይ አሉኝ።»

ኣስገደት ያንን ቀን አስታወሰችው። ቅዱስ እስጢፋኖስ ደጅ ቆማ፣ ተርፏል ስትባል እግዚአብሔርን ማመስገኗንም አስታወሰች።

«ስሙ ማን ነበር?» አለች በመጨረሻ።

«ተመስገን።»

«አላወቅሁም።»

«አልጠየቁማ» አለች ሰመረት። ድምጿ ቁጣ አልነበረበትም፤ ደክሟት ነበር። «ከመጡ ይምጡ፣ እትዬ። አንዱን ክፍል እለቅልዎታለሁ። የቤቱ እናት ሆነው ይኖራሉ።»

ኣስገደት ስልኩን ዘጋች። ክፍሉ ከልብ እንደተሰጣት ገብቷታል፤ የከፋትም ይኸው ነው። በሰው ቤት በጠባብ ክፍል መኖር ምን እንደሆነ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ለሰመረት ግን አንድ ቀን አስባላት አታውቅም። አሁን በምን ፊቷ ከዚያች ሴት ምድጃ አጠገብ ትቀመጣለች?

«ምን አለችሽ?» አለ ፍሰሃጽዮን። «ለወንድሜ ምን ልበለው?»

«ለአቦይ ተኽለብርሃን ይንገራቸው። ቤቱ የሰመረት ነው።»

«አብደሻል? ሐሙስ ወሩ ያልቃል፣ እዚህም ያስወጡሻል። የት ልትገቢ ነው?»

ኣስገደት ተነስታ ከጠባቧ ክፍል ሻንጣዋን አወጣች፣ በሩ አጠገብም አስቀመጠችው።

«ኦስቲያ ብዙ ሰው ታውቃለህ» አለችው። «አሳድራ የምታሠራ አሮጊት ካለች ጠይቅልኝ።»