የተመሰገነበት ራጅ

እናቴ የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ያደረገችው አገሩ ሁሉ ስለ ለውጡ ብቻ ያወራ በነበረበት ሰሞን ነው። ዳነች ተባለ። ቆይቶ ወገቧን ያማት ጀመር። እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ የጡት ካንሰር ወደ አጥንት መሄድ እንደሚወድ አውቃለሁ። አከርካሪዋ ውስጥ ከገባ እግሯን ይወስድባታል ብዬ ፈራሁ። እናቴ ደግሞ ከምንኖርበት ከሐይቅ ከተማ ገበያ ተነስታ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ያለችው እህቷ ቤት በእግሯ ካልደረሰች ሳምንቱ ያለፈ የማይመስላት ሴት ናት።

የቤተሰባችን አዋቂ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ማን እንደሾመው አይታወቅም። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ ወረቀት ላይ ግን አይገባውም። እሱ ሌላ ከተማ ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ወስዶ ራጅ አስነሳት፤ እኔም ተከትዬ ሄድኩ። የክሊኒኩ ሐኪም ፊልሙን ብርሃን ላይ አንዴ ሰቀል አድርጎ "ንጹህ ነው፣ የዕድሜ ነገር ነው" አለና ማስታገሻ ጻፈ። ካንሰር ነበረባት ብዬ ስነግረው ስልኩን እየነካካ ራሱን ነቀነቀ። ያ ሰው ትዝ ሲለኝ ዛሬም ይቀፈኛል።

አጎቴ ፊልሙን ብብቱ ስር ሸጉጦ ሐይቅ ገባ። ለመጣ ለሄደው ሁሉ መስኮቱ ላይ ዘርግቶ ያሳያል፤ ብዙውን ጊዜ ዘቅዝቆ። "አያችሁት? አንድ እንከን የለበትም" ይላል። የጎድን አጥንት ከዳሌ የማይለዩ ሰዎች ጠጋ ብለው እየመረመሩ "ማሻአላህ" ይላሉ። ከዚያ ለምስጋና የሹክር ሰደቃ ይውጣ ተባለ። ወጠጤ ታረደ፤ ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ደግሞ በግ በራሳቸው እጅ ታረደላቸው። ተበላ፣ ዱዓ ተደረገ፣ አሚን ተባለ። በእኛ ዘንድ ሰደቃ የወጣለት ነገር ተመልሶ አይመረመርም። መጠራጠር የፈጣሪን ውለታ እንደ መካድ ይቆጠራል።

እኔ ግን አላስቻለኝም። "ጋሼ፣ ራጅ የሚያሳየው አጥንቱ ብዙ ከተበላ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አለ፤ ይታይላት" አልኩት።

"አላህ ያሳየንን ትተን በማሽን እንመን? ደግሞስ ያ ሁሉ ሰው የመረቀው ከንቱ ነው ልትዪ ነው?" አለኝ። ራጁ ራሱ ከሰማይ የወረደ ይመስል።

የሰሜኑ ጦርነት ወደ ሐይቅ ሲቃረብ ቀድሞ የሸሸው እሱ ነው። ፊልሙን ግን ለእኛ ትቶልን ሄደ። እናቴ "ቤቴን ጥዬ የትም አልሄድም" አለች፤ እኔም አብሬያት ቀረሁ። መንገዱ ተዘጋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ማስታገሻውም አለቀ። ግድግዳ ይዛ መሄድ የጀመረችው ያኔ ነው።

መንገዱ ሲከፈት እግሯ ጨርሶ አልታዘዝ ብሏት ነበር፤ በሰው ሸክም መኪና ላይ አውጥቼ አዲስ አበባ ይዣት ሄድኩ። መጀመሪያ የአጥንት ስካን ተነሳች። በደም ሥሯ መድኃኒት ሰጥተው ቆይተው መላ አካሏን አነሷት፤ አከርካሪዋ፣ ዳሌዋና ጉልበቷ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ታየ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ቁጭ ብላ አስረዳችን። ይህኛው ምርመራ አጥንት የተነካበትን ሁሉ ያሳያል፣ ምን እንደነካው ግን አይለይም፤ የጉልበቷ ቁርጥማትም እንደ ካንሰር ጠቁሮ ይወጣል አለች። ስለዚህ ኤምአርአይ ታዘዘ። እሱ ቁርጡን ነገረን፤ ዕጢው ከአከርካሪዋ ወጥቶ ነርቯን ተጭኖታል። የአጎቴን ፊልምም አየችው። "ራጁ አልዋሸም። የማያየውን ነገር ጠይቃችሁት ነው" አለች።

"እማማ፣ እግርዎን መደንዘዝ የጀመረዎት መቼ ነው?" ብላ ጠየቀቻት።

እናቴ እኔን ሳታይ መለሰች። "ሰደቃው ሲበላም ይደነዝዘኝ ነበር ልጄ። ያ ሁሉ ሰው በልቶ መርቆኝ ሲያበቃ፣ አሁንም ያመኛል ብዬ ወንድሜን እንዴት ላሳፍረው? በሽሽቱም ጊዜ ቤቴን አልጥልም ያልኩት ለዚሁ ነው። መንገድ አልችልም ነበር።"

ሐኪሟ፣ በእግሯ መሄድ ሳታቆም ብትመጣ ኖሮ በጨረር እግሯን ለማትረፍ ተስፋ ነበረ፣ አሁን ግን ዘግይቷል አለች። ጨረሩ ተሰጣት፤ ሕመሙ ቀለለ፣ እግሯ አልተመለሰም።

ሐይቅ ስንመለስ አጎቴ ሊጠይቃት መጣ፤ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ወፍሮ። በሩ ላይ ሲያስል እናቴ ድምፁን ለየችው። ለታላቅ ወንድሟ ሳትነሳ ቀርታ አታውቅም። ሁለት እጇን ፍራሹ ላይ ተክላ ታገለች፤ ትከሻዋ ብቻ ተንቀጠቀጠ።

እሱም እንደ ወጉ "አትነሺ፣ አትነሺ" አላት።